ከፏፏቴው ጀርባ

የዛሬው ጽሑፌ ኑዛዜ ነው፡፡ ጥፋቱን የሠራሁት በ2000 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ ነው፡፡ ግብረ አበሬ አንድ ፏፏቴ ነበር፤ ያውም ጠብታ ውኃ የሌለው ፏፏቴ!

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ እትዬ (ታላቅ እህቴ ናት) ያኔ ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረቻት፡፡ እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ወረቀት እያቀበልኩ አግዛታለሁ፡፡ የቤቱ ንጉሥ አንድ ያገለገለ ፔንቲየም 4 ኮምፒውተር ነው፡፡ ራሙ 512 ሜጋ ባይት፣ ሲስተሙ ዊንዶውስ ኤክስፒ፡፡ አማርኛ የምንጽፈው በፓወር ግዕዝ ነበር፡፡ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የዕድር ደንብ እንጽፋለን፡፡ ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የተማሪው ወረቀት ተጨመረ፡፡ በዚያ የደብረ ብርሃን ብርድ እትዬ ጣቷን እፍ እያለች ነበር የምትጽፈው፡፡

ያንን የኤክስፒ አረንጓዴ ኮረብታ ታስታውሱታላችሁ? ቻርልስ ኦሪር የተባለ ፎቶ አንሺ በ1996 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሳው ነው፡፡ ጥሩ ኮረብታ ነው፤ ግን ለመንዝና ለአንኮበር ልጅ ኮረብታ ምን ብርቁ ነው? ሰለቸኝ፡፡ አንድ የክፍል ጓደኛዬ በፍላሽ የሚንቀሳቀስ ዋልፔፐር አመጣልኝ፡፡ ጫንኩት፡፡ ውኃው ከገደሉ ይወርዳል፤ ጭጋጉ ይነሳል፤ አልፎ አልፎም ወፍ ይበራል፡፡ ደንበኞች ወረቀታቸውን ረስተው ቆመው ያዩት ጀመር፡፡ አንዲት እናት «ይኼ ደግሞ ቴሌቪዥን ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፡፡ እኔማ ፏፏቴውን የሠራሁት ራሴ ይመስል ደረቴን ነፋሁ፡፡

አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ፡፡ ስክሪኑ ላይ የተበተኑት ፋይሎች ውኃውን ይጋርዳሉ፡፡ መላ አገኘሁለት፤ የዴስክቶፕ አይከኖችን የሚደብቀውን ምርጫ ነካሁና ሁሉም ጠፉ፡፡ ስክሪኑ ጠራ፡፡ እትዬ ፋይሎቿን ከዎርድ ውስጥ ስለምትከፍት ልብ አላለችም፡፡

ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ መንቀራፈፍ የጀመረው፡፡ አንድ ፊደል ሲመታ እስኪወጣ ይጠበቃል፡፡ ፕሪንት ሲባል ሃርድ ዲስኩ እንደ በቆሎ ቆሎ ይንጣጣና ስታክ ያደርጋል፡፡ ያየው ሁሉ «ቫይረስ ነው» አለ፡፡ በዚያ ዘመን በየፍላሹ ቫይረስ ስለሚዞር እኛም አመንን፡፡ ጠጋኝ ተጠራ፡፡ እትዬ ወረቀት ልትገዛ ወጥታ ስለነበር የተቀበልኩት እኔ ነኝ፡፡

«ፎርማት ላደርገው ነው፤ ሲ ላይ የሚፈለግ ነገር አለ?» አለኝ፡፡

ስክሪኑን አየሁት፡፡ ከፏፏቴው በቀር ምንም የለም፡፡ «የለም፤ ፋይሎቻችን በሙሉ ዲ ላይ ናቸው» አልኩ፡፡

በዚያው ሳምንት የገበያ ቀን አንድ ከአንኮበር የሚመጡ ሽማግሌ ብቅ አሉ፡፡ እኚህ ሰው ለእኛ እንግዳ አልነበሩም፡፡ ለሁለት ወር ያህል 40 ኪሎ ሜትሩን እየመጡ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የትውልድ ሐረጋቸውን ለእትዬ ሲነግሯትና ስታስፍርላቸው ነበር፡፡ በአባት በኩል ሰባት ቤት፣ በእናት በኩል ሰባት ቤት፡፡ የልጅ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ተበትነዋል፡፡ «እዚያ ሲገናኙ መች ይተዋወቃሉ? ዘመድ ከዘመድ ተጋብቶ ጉድ እንዳይፈላ ጽፌ ልስጣቸው» ይሉ ነበር፡፡ በእጅ የተጻፈ ቅጂ አልነበራቸውም፡፡ ሁሉም በቃል ነው፡፡

«ልጄ፣ የጻፍነው የት ደረሰ?» አሏት፡፡

እትዬ ፈለገች፡፡ ዲን ፈተሸች፤ ፍላሾቹን ፈተሸች፡፡ ፋይሉ ዴስክቶፕ ላይ ነበር፤ እኔ ከደበቅኳቸው መካከል አንዱ እሱ ነው፡፡ ገብቶኛል፤ ግን ዝም አልኩ፡፡ «ቫይረሱ በልቶታል አባባ» አለቻቸው እትዬ፡፡ ሽማግሌው ስለ ቫይረስ ምንም አልጠየቁም፡፡ በርጩማውን ሳብ አደረጉና «እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምራ» አሉ፡፡

እውነተኛውን ጥፋተኛ ያገኘሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፡፡ ፏፏቴዬ ናፈቀኝና መልሼ ጫንኩት (አዎ፣ አላፈርኩም)፡፡ ኮምፒውተሩ ወዲያው ተንቀራፈፈ፡፡ ኮንትሮል፣ አልት፣ ዲሊት ተጫንኩና ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ፡፡ ከሲፒዩው ከግማሽ በላይ የያዘው ያ ፏፏቴ ነው፡፡ አጠፋሁት፡፡ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ተፈታ፡፡ ቫይረስ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ነው፡፡

ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን አድጌ ነው፡፡ ቆሞ ያለ ፎቶ ኮምፒውተሩን ብዙም አያደክመውም፤ አንዴ ይሣላል፣ አበቃ፡፡ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን በየቅጽበቱ እንደገና መሣል አለበት፡፡ የእኛ ስክሪን 1024 በ768 ነበር፤ ወደ 786 ሺህ ነጥብ ማለት ነው፡፡ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ብንይዝ አንዱ ሥዕል 3 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል፡፡ ሙሉ ስክሪኑ በሰከንድ 30 ጊዜ ከተቀየረ በየሰከንዱ ከ90 ሜጋ ባይት በላይ ይመላለሳል፡፡ የእኛ ማሽን የራሱ ግራፊክስ ካርድ ስላልነበረው ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ያው ምስኪን ሲፒዩና ያው 512 ራም ናቸው፡፡ ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ሃርድ ዲስክ ያወጣዋል፤ ያ ሁሉ መንጣጣትም ይኸው ነበር፡፡

ማይክሮሶፍትም ራሱ በዚህ ነገር ተፈትኗል፡፡ በ1997 እ.ኤ.አ. አክቲቭ ዴስክቶፕን አመጣ፤ በ2007 ደግሞ ቪዲዮን ዋልፔፐር የሚያደርገውን ድሪምሲን ለቪስታ አልቲሜት ብቻ ሰጠ፤ በዊንዶውስ 7 ግን አስቀረው፡፡ በ2016 የወጣው ዎልፔፐር ኤንጂን ግን ብልህ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ስክሪኑን ሲሞላው እንዲቆም ማዘዝ ይቻላል፡፡ የዛሬ ኮምፒውተሮችም ቪዲዮ የሚፈታ የራሱ ክፍል ስላላቸው ሸክሙ ቀሏል፡፡ ላፕቶፕ ከሆነ ግን ባትሪው ይከፍላል፤ መብራት በሄደበት ምሽት ደግሞ ያቺ ግማሽ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነች ታውቃላችሁ፡፡

ስለዚህ ኮምፒውተራችሁ ሲንቀራፈፍ ቫይረስ ከማለታችሁ፣ ይልቁንም ፎርማት ከማለታችሁ በፊት፣ መጨረሻ የጫናችሁትን ነገር አጥፉና እዩ፡፡ አንድ በአንድ፡፡ ነጻ ነው፡፡ ፎርማት የግድ ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁን አትመኑ፤ የተደበቀውንም አውጥታችሁ ኮፒ አድርጉ፡፡

ሽማግሌው ሥራቸውን ጨረሱ፡፡ በሁለተኛው ግን እንደ መጀመሪያው አልሄደላቸውም፡፡ በእናታቸው በኩል ስድስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ቆሙ፡፡ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና «እዚህ ጋ አንዲት ሴት ነበረች፤ ያን ጊዜ ነግሬሽ ነበር፡፡ ስሟ ጠፋኝ» አሏት፡፡ እትዬ «ቀስ ብለው ያስታውሱታል አባባ» ብላ ቦታውን በሰረዝ አለፈችው፡፡ አላስታወሱትም፡፡ ወረቀቱ ከነሰረዙ ታተመ፤ ከፍለው፣ መርቀውን ሄዱ፡፡ እኔንም ጭምር ነው የመረቁት፡፡

ለእትዬ የነገርኳት ባለፈው ፋሲካ ነው፡፡ ቡናዋን አስቀምጣ ብዙ አየችኝ፡፡ ከዚያ «የዚያችን ሴት ስም ታስታውሰዋለህ?» አለችኝ፡፡

እኔ ያኔ ፏፏቴውን ነበር የማየው፡፡