የሞተር ትንፋሽ በፒያሳ

የፒያሳ አቀበት ሞተርን ያናግራል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ የመጣ መኪና ቴዎድሮስ አደባባይን አልፎ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሲቃረብ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ጠርዝ ላይ ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው እያንዳንዱ መኪና የየራሱ ድምፅ አለው። ሚኒባሱ ያጓራል። ቪትዟ ድምፅዋን ታቀጥናለች። የኤሌክትሪኩ መኪና ከጎማው በቀር የሚሰማ ነገር የለውም። በቀደም ግን አንድ ነጭ ኮሮላ ያሰማው ድምፅ ከሁሉም የተለየ ነበር፤ ጥልቅ፣ ወፍራም፣ አየር የሚምግ ድምፅ። የተቀደደ ማርሚታ ነው እንዳይባል የሚመጣው ከኋላ ሳይሆን ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር ነው።

ልጁ ጊዮርጊስ አካባቢ ዳር ይዞ ሲቆም ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። "ፊልትሮውን ቀይሬው ነው፣ ጋሼ" አለና ሳይሰለች ኮፈኑን ከፈተልኝ። ጥቁሩ የፕላስቲክ ሳጥን ከቦታው የለም። በእሱ ፈንታ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦ ተዘርግቷል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ ተሰክቷል። ሥራው አልከበደውም፤ 10 ቁጥር ቁልፍና ካቻቢቴ በቂ ነበሩ። "ሳጥኑስ?" አልኩት። ሶማሌ ተራ ወስዶ ሸጦታል።

የልጁ ፍላጎት ገብቶኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ ፒያሳ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ አንዱን ሊትር በወጉ ለማቃጠል 11 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይፈለጋል። አየራችን ስስ ስለሆነ ይህ 11 ኪሎ አዲስ አበባ ላይ ወደ 12,000 ሊትር ቦታ ይይዛል፣ ማለትም ከ10,000 ሊትር የውሃ ሮቶ ይበልጣል። ለአንድ ሊትር ቤንዚን! ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባ ከፍታውን በመጠኑ ይቋቋማል። ቱርቦ የሌለው፣ በባሕር ወለል 100 የፈረስ ጉልበት የተመዘገበለት መኪና ግን እዚህ 75 እና 80 መካከል ይዞ ነው አቀበቱን የሚወጣው። የቀረው ጉልበት አልተሰረቀም፤ ጂቡቲ ቀርቷል።

ይህ ዛሬ የመጣ ጉዳይ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ ሲመጣ መነሻው ጂቡቲ ነበር። ከባሕር ተነስታ ደጋ የወጣችው ያች መኪና መንገዱ ከፈተናት እኩል ስሱ አየርም ሳይፈትናት አልቀረም። ከዚያ ወዲህም ብዙ መኪና በዚያው በር አልፎ ያንኑ አቀበት ወጥቷል። አራዳ ለመኪና ብቻ ሳይሆን ለሞተር ሁሉ የቆየ ትዝታ አላት። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለመንገድ ሥራ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ "ባቡር" ተበላሽቶ የቆመበት ሰፈር እስከ ዛሬ ሰባራ ባቡር ይባላል። ሞተር የቆመበትን ቦታ በስሙ የሚጠራ ከተማ ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ ቢጨነቅ አይገርመኝም።

አሮጌዎቹ መኪኖች ደግሞ ስለ አየር ያውቁ ነበር። በደርግ ዘመን የገባችው፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ፒያሳን ስታመላልስ የኖረችው ላዳ የፊልትሮ ክዳኗ በሁለት አቅጣጫ ይገጠማል። አንዱ ለክረምት ነው፤ የጭስ መውጫው ካሞቀው ጎን አየር ይስባል፣ የሩሲያ ብርድ ካርቡሬተሩን በረዶ እንዳያደርገው። ሌላው ለበጋ ነው፤ ቀዝቃዛውን አየር ይወስዳል። ለአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ የሚስማማው ይኸው የበጋው ነው። ክዳኑ በስህተት ወደ ክረምቱ ዞሮ ሞቃት አየር እየሳበች አቀበት የምትወጣ ላዳ ምን ያህል ጉልበት በከንቱ እንደምታጣ ሳስበው ያሳዝነኛል። ክዳን ማዞር ነበር እኮ! ቮልሷም ብልሃት ነበራት። የቀድሞዎቹ ቮልሶች ፊልትሮ ከሥሩ ዘይት የተኛበት ቆርቆሮ ነው፤ አየሩ ዘይቱ ላይ ሲጠማዘዝ አቧራው እዚያው ተይዞ ይቀራል። ወረቀት መግዛት የለም፣ ዘይቱን መቀየር ብቻ።

ወደ ኮሮላው ልመለስ። ልጁ የገዛው ዕቃ ቀዝቃዛ አየር እንዲስብ የተሠራ ነው። አየር በ3 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር አንድ በመቶ ያህል ይሳሳል። ኮፈን ሥር ያለው አየር በመንገድ መጨናነቅ መሃል ከውጪው በ30 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል፤ ያ ማለት ከፍታው ከወሰደው ላይ ሌላ አሥር በመቶ መነጠቅ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የፊልትሮው አፍ ከሞተሩ ሙቀት ውጪ፣ ከፓራፋንጎው ውስጥ ወይም ከፓራውልቱ ኋላ ሊሆን ይገባዋል። የልጁ ሾጣጣ ግን የቆመው ራዲያተሩ ጀርባ ነው። ቱቦውን በጣቴ ነካ አድርጌ ቶሎ አነሳሁ፤ ያቃጥላል። አሉሚኒየም ሙቀት ያስተላልፋል፣ የተሸጠው ፕላስቲክ ግን ይከላከል ነበር። ሳጥኑንም የሠሩት መሐንዲሶች አፉን ከፊት መብራቱ ጎን አውጥተው ንጹሕ የውጪ አየር እንዲስብ አድርገውት ነበር። ቀዝቃዛ አየር መሳቢያው የተሸጠው ሳጥን ነበር፤ አሁን ያለው ሞቃት አየር ይስባል። ነገርኩት። ዝም ብሎ ቱቦውን አየና "ድምፁ ግን..." አለ።

ድምፁ ደስ ይላል፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ባዶ ክፍሎች የአየሩን ጩኸት ለማፈን የተቀመጡ ናቸው፤ ሲነሱ ጩኸቱ ነጻ ይወጣል። ጆሮ የሰማውን ጩኸት እግር የጨመረ ጉልበት ይመስለዋል። ያልተነካካ ሞተር ላይ ግን እንዲህ ያለ ቱቦ በትክክል ቢገጠም እንኳ የሚያተርፈው ጥቂት የፈረስ ጉልበት ነው። በዚያ ላይ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር ለቀድሞው ቱቦ ስፋት የተስተካከለ ነው፤ ስፋቱ ሲቀየር ለኮምፒውተሩ የተሳሳተ ወሬ ያቀብላል፣ ዳሽቦርዱ ላይም የሞተር መብራት ሊበራ ይችላል። ቀዩ ፊልትሮ ዘይት የሚቀባ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የተረፈው ዘይት ሴንሰሩ ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አቧራው ነው። በ2016 የፒያሳ ፈረሳ ሲጀመር፣ ዶሮ ማነቂያ ሲነሳ፣ መንገዱ ሲቆፈር በሰፈሩ የኖረ ሁሉ ያን አቧራ ያስታውሳል። መንገዱ ዛሬ አምሮበታል፤ በከተማው ሌላ ጎን ግን ቁፋሮው አላበቃም። ፊልትሮን አምልጦ የሚገባ አቧራ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ ሞተሩም ዘይት መብላት ይጀምራል። ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር ፊልትሮ ማስነፋት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን በልክ ይሁን። አየሩ ከውስጥ ወደ ውጪ መነፋት አለበት፣ ከሩቅና በትንሽ ግፊት። ቀርቦ በኃይል ከተነፋ ወረቀቱ ለዓይን በማይታይ ቀዳዳ ይበሳል፣ ያን ጊዜ ከቆሸሸው ይልቅ የጸዳው ፊልትሮ ይጎዳል። አንድ ነገር ልጨምር፤ በካርቡሬተር መኪና የታፈነ ፊልትሮ ቤንዚን ያስበላል፣ በኢንጀክሽን መኪና ግን በዋናነት ጉልበት ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ የቤንዚን ወጪ አልጨመረም ብሎ ፊልትሮው ደህና ነው ማለት አይቻልም።

ክረምትም አለ። ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ አፉን ከፓራውልቱ ሥር ዝቅ አድርጎ የገጠመ ሰው በሐምሌ ዝናብ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት ላይ ጎርፍ ቢያገኘው ሞተሩ ውሃ ይጠጣል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ የሚሸሽበት ስለሌለ ዘንጉ ይጣመማል። አንድ ጉንጭ ውሃ ሙሉ ሞተር ሊያስቀይር ይችላል።

ይህን ሁሉ የምለው መኪናን በገዛ እጅ መፍታትን ለመንቀፍ አይደለም። ኮፈን ከፍቶ የሚያይ ወጣት አገር ያስፈልጋታል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። የኤሌክትሪኩ መኪና አየር አይምግም፣ ከፍታም ጉልበቱን አይነካውም፤ መጪው ዘመን የእሱ ነው። እስከዚያው ግን ያሉን ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ሚኒባሶች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል፤ ለእያንዳንዳቸው ምትክ መግዛት የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ቱቦ መግጠም የምትሹ ወጣቶች፣ ግጠሙ። ግን መጀመሪያ የነበረውን ፊልትሮ በአዲስ ቀይሩና አንድ ወር ንዱት፤ የሳጥኑ ጎማ አየር እንዳያሾልክ ፈትሹ። ከዚያም ካላረካችሁ አዲሱን ቱቦ ከሙቀቱ በሚጋርድ ከለላ፣ ከጎርፍ በላይ ከፍ አድርጋችሁ አስሩ። ሳጥኑን ግን ሶማሌ ተራ አትሽጡት፤ ጠቅልላችሁ ቤት አስቀምጡት።