ዝናብ የራቀው በረሃና የሌሊቱ ሰማይ

እናቶቼና አባቶቼ፣ ዛሬ በንባብ ሩቅ አገር እንሂድ። አገሩ ቺሊ ይባላል። በደቡብ አሜሪካ፣ በባሕር ዳር የተዘረጋ ረዥምና ቀጭን አገር ነው። በሰሜኑ በኩል አታካማ የሚባል በረሃ አለ።

አታካማ እጅግ ደረቅ ነው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ዝናብ ጠብ የማይልበት ቦታ አለው። ለምን? በምሥራቅ በኩል አንዲስ የሚባሉት ታላላቅ ተራሮች እርጥቡን ነፋስ ያግዱታል። በምዕራብ ደግሞ ባሕሩ ቀዝቃዛ ነው። ከእሱ የሚነሣው ጉም ዝቅ ብሎ ይተኛል እንጂ ወደ ላይ ወጥቶ ዝናብ አይሆንም።

ይህ ለገበሬ መከራ ነው። ኮከብ ለሚመረምር ሰው ግን ሀብት ነው። ሰማዩ ሌሊት ሌሊት ጥርት ይላል።

በዚያ በረሃ ፓራናል የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው 2,635 ሜትር ነው። በአናቱ ላይ አራት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ቴሌስኮፕ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የእያንዳንዱ መስተዋት ስፋት ከዳር እስከ ዳር 8.2 ሜትር ነው። አንድ ሰፊ ጎጆ ቤት ያህላል ማለት ነው።

ስማቸው የወጣላቸው ማፑቼ ከሚባለው የአገሬው ሕዝብ ቋንቋ ነው። አንደኛው አንቱ ይባላል። እኛ ትልቅ ሰው እናከብርበታለን፤ በእነሱ ቋንቋ ግን ፀሐይ ማለት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የአካባቢው ተማሪዎች ስለ ስሞቹ ትርጉም እየጻፉ ተወዳደሩ። ያሸነፈችው የ17 ዓመት ልጅ ናት። ሽልማቷም አንድ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ነበር። ብዕር እንዲህም ያደርሳል!

የኮከብ ፎቶግራፍስ እንዴት ይነሣል? በቀን ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ ወዲያው ይከድናል። የኮከብ ብርሃን ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይቀመጥና ዓይኑን እንደ ከፈተ ይቆያል። ነገሩ ከደካማ ምንጭ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። እንስራው ከሥሩ ይደቀናል፤ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይሞላል። ብርሃኑም እንዲሁ ይጠራቀማል። ዓይናችን ያላየው ኮከብ በፎቶው ላይ ይወጣል። ካሜራው አንድ ሰዓት ቢቆይ ደግሞ ኮከቦቹ የተቀደደ ቀለበት መስለው ይታያሉ። ኮከቦቹ ሮጠው እኮ አይደለም። የምትዞረው እኛ የቆምንባት መሬት ናት።

ታዲያ ይህን ሥራ የሚያበላሸው ምንድን ነው? መብራት ነው። አምፖል ወደ ሰማይ ሲያበራ ሰማዩ ይነጣል፤ ደካማው ኮከብ ይሰወራል። ስለዚህ በፓራናል ሲመሽ መስኮቱ ይጋረዳል። መኪናም ትልቁን መብራት አጥፍቶ በዝግታ ይሄዳል። የቺሊ መንግሥት በ1998 እ.ኤ.አ. ለሰሜኑ ክፍል ደንብ አወጣ። የውጭ መብራት ወደ መሬት እንጂ ወደ ሰማይ እንዳያበራ አለ። በረሃም ቢሆን ጠባቂ ያስፈልገዋል። ከተማ በሰፋ ቁጥር ጨለማው ይሸሻልና።

ዛሬ ማታ ኩራዙን አጥፍታችሁ ከደጅ ውጡ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ጠብቁ። ሰዎች ባሕር ተሻግረው የሚፈልጉት ጥቁር ሰማይ ከጎጇችሁ በላይ አለ። ኤሌክትሪክ የገባላችሁም አምፖሉን ወደ መሬት አዙሩት። መንገዱም ይበራል፣ ኮከቡም አይጠፋም።