ከአናቱ ወደ ሥሩ የተጠረበ ተራራ

በምዕራብ ሕንድ፣ ማሃራሽትራ ግዛት ውስጥ፣ ቀድሞ አውራንጋባድ ትባል ከነበረችው ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኤሎራ የሚባል ሥፍራ አለ። መንገዱ የዴካንን አምባ አቋርጦ ከአንድ ረጅም ገደል ሥር ያደርሳል። ገደሉ በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ ፈልቆ የረጋ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በፊቱ ላይ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር በሚሆን ርቀት፣ ቁጥር የተሰጣቸው 34 ፍልፍል ቤተ መቅደሶችና ገዳማት ተደርድረዋል። 16ኛው ካይላሳ ይባላል፤ የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ነው።

አብዛኛው ጎብኚ በዋናው በር ሰተት ብሎ ይገባል። እኔ አስቀድሜ በጎን ባለው የእግር መንገድ ወደ ገደሉ አናት ወጣሁ፤ ለማንም የምመክረው ይህንኑ ነው። ጠራቢዎቹ ሥራቸውን የጀመሩት ከዚያ ነውና። በመጀመሪያ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ቆፍረው አንድ ግዙፍ አለት ከተራራው ነጠሉ። ከዚያ ከጉልላቱ ጀምረው እየጠረቡ ወደ መሠረቱ ወረዱ። ከአለት የተቀነሰ ተመልሶ አይጨመርም። ስለዚህ ጣራውን የሚጠርበው ሰው ገና ጉልላቱ ላይ ሳለ፣ 30 ሜትር ያህል ከበታቹ የሚወጣው ዝሆን እግሩ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ መታወቅ ነበረበት።

ከላይ ቆሞ ለሚያይ፣ በአዳራሹ ጣራ ላይ አራት አንበሶች በአንድ የሎተስ አበባ ዙሪያ ቆመዋል። ታች ግቢው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሕንጻውን በጀርባቸው የተሸከሙ የሚመስሉ ዝሆኖች ይታያሉ፤ ኩምቢያቸው ከተሰበረ ቆይቷል። በደቡብ በኩል፣ ከወለሉ ዝቅ ባለ ጥላ ውስጥ፣ አሥር ራስ ያለው የአጋንንት ንጉሥ ራቫና የሺቫን ተራራ ሊነቅል ሲታገል ተቀርጿል። ከላዩ የሺቫ ሚስት ፓርቫቲ ደንግጣ የባሏን ክንድ ይዛለች። ሺቫ ግን ሳይናወጥ ተቀምጧል፤ በታሪኩ እንደሚነገረው ተራራውን በእግሩ ጣት ተጭኖ ያረጋዋል። እዚህና እዚያ የቀረው ነጭ ልስን ቤተ መቅደሱ በዘመኑ እንዲህ ጠቁሮ እንዳልነበረ ይመሰክራል።

ሥራው በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነገሠው ከራሽትራኩታ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ከቀዳማዊ ክሪሽና ስም ጋር ይያያዛል። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ ስለዚህ ቤተ መቅደስ ሲተርክ፣ አማልክት እንኳ አይተውት የሰው እጅ ሥራ ነው ብለው ለማመን እንደተቸገሩ፣ ሠሪው ራሱም እንዴት እንደሠራው ተደንቆ ዳግመኛ ቢሞክር እንደማይሆንለት እንደተናገረ ይገልጻል። ላሊበላን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የእኛም አበው ሰው ቀን ሲጠርብ መላእክት ሌሊት ይሠሩ ነበር ይላሉ። ቤተ ጊዮርጊስም ዙሪያው በቦይ ተለይቶ ከላይ ወደ ታች የተጠረበ ነው። በሁለቱ መካከል ውቅያኖስና የብዙ መቶ ዓመታት ልዩነት አለ፤ አንዱ ከሌላው ተማረ ለማለት አልደፍርም። ድካሙ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ሰው ከራሱ እጅ በወጣ ነገር ፊት ሲደነግጥም ምስጋናውን ወደ ላይ መላኩ አንድ ዓይነት ነው።

ኤሎራ የአንድ እምነት ሥፍራ አይደለም። ከ1 እስከ 12 ያሉት ዋሻዎች የቡድሂስቶች፣ ከ13 እስከ 29 ያሉት የሂንዱዎች፣ የመጨረሻዎቹ አምስቱ የጄይኖች ናቸው። በ10ኛው ዋሻ ጣራ ላይ ከድንጋይ የወጡ አግዳሚዎች የእንጨት ማገር ይመስላሉ፤ ከኋላው ደግሞ ትልቅ ቡድሃ ተቀምጧል። በ32ኛው ዋሻ ጄይኖቹ የቀረጹት ትንሽ መቅደስ እንደ ካይላሳ ከአለቱ ተነጥሎ በግቢው መካከል ቆሟል። በአንድ ገደል ላይ የሦስት ሃይማኖት ሰዎች በየተራ መሮ ሲመቱ፣ ተከታዩ የቀደመውን አላፈረሰም፤ ከጎኑ የራሱን ጠረበ።

ኤሎራን ማየት የሚሻ ሙሉ ቀን ይያዝለት፤ ማክሰኞ ዝግ ነው። ገደሉ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለቅርጻ ቅርጾቹ ይስማማል። ወደ ውስጠኛው መቅደስ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ይህን ለሐበሻ መንገር አያሻም። በገዛ አገሩ ድንጋይ የተሳለመ ሰው፣ ሌላ ሕዝብ በሌላ አምላክ ስም የደከመበትን ድንጋይ በአክብሮት መርገጥ አይሳነውም።