የዕድሩ ደብተርና ጥቁሩ መስኮት

አባቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ናቸው። የአባላቱን ስም፣ ወርሃዊ መዋጮና ውዝፍ ለብዙ ዓመታት የያዙት በካርቶን ሽፋን ደብተር ነው። ደብተሩ ከፋብሪካ ተሰምሮ የመጣ ቢሆንም እርሳቸው አይረኩበትም፤ በየገጹ ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች በማስመሪያ ወደ ታች ያወርዱበታል። በልጅነታቸው ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገሙ፣ ቁም ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ ወግቶ ሲያሰምር አጠገቡ ተቀምጠው ያዩ ሰው ናቸው። መስመር ሳይሰመር ፊደል አይጻፍም የሚለው እምነታቸው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ዝርዝሩን ወደ ኮምፒውተር ላዛውርላቸው ቃል ገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ቢከፈት በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነበር። እኔ ግን በተማርኩት በሲ ቋንቋ ልጽፈው ፈለግሁ፤ ትንሽ መታበይም ነበረበት። ምክንያቴ አድርጌ ያቀረብኩት ጥቁሩን የተርሚናል መስኮት ነው፤ ፊደሉ እንደ ልብ ይተልቃል፣ የሚጫን ሥዕል የለው፣ የሚንቀጠቀጥ ማስታወቂያ የለው።

በሲ ቋንቋ ጽሑፍ የሚያትመው ትእዛዝ ፕሪንትኤፍ ይባላል። የመጨረሻዋ ኤፍ «ቅርጽ የያዘ» ለማለት የገባች ናት። ከመቶኛ ምልክት ቀጥሎ ሰረዝና 20 ከጻፍን ስሙን ከግራ ጀምሮ በ20 ቦታ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የተረፈውንም በባዶ ይሞላዋል። 8.2 ካልነው ደግሞ ገንዘቡን በስምንት ቦታ፣ ሳንቲሙን በሁለት አሃዝ ወደ ቀኝ አስጠግቶ ይደረድረዋል። የአባቴ ማስመሪያ ማለት ነው እንግዲህ። በላቲን ፊደል በጻፍኳቸው የሙከራ ስሞች ዓምዶቹ እንደ ቱንቢ ቀጥ አሉ። ደስ አለኝና ያንኑ ሌሊት የዕድሩን ስሞች በአማርኛ አስገባሁ።

ዝርዝሩ ፈረሰ። የሚገርመው አፈራረሱ ነው። አበበ ከሚለው አጭር ስም በኋላ ሰፊ ባዶ ቦታ ሲቀር፣ ገብረመድኅን ከሚለው በኋላ ምንም አልቀረም፤ የሚከተለው የአባት ስም በላዩ ላይ ተለጠፈ። ስሙ በረዘመ ቁጥር ቀጣዩ ዓምድ ወደ ግራ ይሸሻል። ጥፋቱ የረዣዥም ስሞች መስሎኝ ገደብ አበጀሁ፤ ከ10 ፊደል በላይ ስም ያለው ማን አለ ብዬ፣ ከ10 በላይ እንዳያትም አዘዝኩት።

በማግሥቱ አባቴን አስቀምጬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው የራሳቸውን ስም ፈለጉ። ባለ አራት ፊደል ስም ነው። ሦስቱ ፊደላት አሉ፤ በአራተኛው ቦታ ጥቁር አልማዝ፣ በአልማዙ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ቆሟል።

«ይኼ እኔ ነኝ?» አሉ።

ምክንያቱን ሳውቅ አፈርኩ። ፕሪንትኤፍ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ዛሬ አብዛኛው ጽሑፍ የሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው ዘዴ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1992 መስከረም፣ ኬን ቶምፕሰን ከሮብ ፓይክ ጋር በኒው ጀርሲ እራት ሊበሉ በተቀመጡበት በገበታ ወረቀት ላይ የነደፈው ነው። በዚህ ዘዴ የላቲኑ ኤ አንድ ባይት ሲበቃው የእኛ ሀ ሦስት ይወስዳል፤ 225፣ 136፣ 128። ከሀ እስከ ፐ ያሉት ሁሉ የሚጀምሩት በዚያው በ225 ነው። ስለዚህ አበበ ዘጠኝ ሆኖ ተቆጠረ፤ ገብረመድኅን 21 ሆኖ ከተሰጠው ቦታ አለፈ። አሥር ላይ ቁረጥ ያልኩት መሣሪያም ከአባቴ ስም ሦስት ፊደል አትሞ፣ ከአራተኛው ሲሶውን ቆርሶ ቆመ። የታዘዘውን ነው ያደረገው።

መፍትሔው አጭር ነበር። ከ128 እስከ 191 ያሉት ባይቶች የፊደል መጀመሪያ አይሆኑም፤ እነርሱን ዘልሎ የቀረውን መቁጠር የፊደሉን ቁጥር ይሰጣል። ከዚያ በባይቱና በፊደሉ ቁጥር መካከል ያለውን ልዩነት በ20 ላይ ደምሬ፣ ስፋቱን በኮከብ ምልክት አማካይነት ለፕሪንትኤፍ አቀበልኩት። ገደቡንም አነሣሁት።

ዓምዶቹ ሲቃኑ ወደ ማስጌጡ ገባሁ። 27ኛውን ምልክት፣ የአራት ማዕዘን ቅንፍ፣ 31ን እና ኤምን አከታትሎ ያተመ ሰው የሚቀጥለውን ጽሑፍ ቀይ ያደርገዋል፤ በ31 ፈንታ 0 ካስገባ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ውዝፍ ያለባቸውን በቀይ ላወጣቸው አሰብኩ። መመለሻዋን 0 ረስቼ ኖሮ ከመጀመሪያው ባለ ዕዳ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ሁሉም ቀላ። አባቴ በዚያ አልሳቁም።

«በቀይ የሚጻፈው የእመቤታችን ስም ነው፤ የቅዱሳን ስም ነው። አጥቶ ያልከፈለን ሰው በቀይ ጻፍከው?»

«ባንክም እንዲህ ያደርጋል፣ አባባ።»

«ዕድር ባንክ ነው?»

ደብተሩን አምጥተው ገለጡልኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት አላስተዋልኩትም ነበር፤ የከፈለው በእስክሪብቶ ተጽፏል፣ ያልከፈለው በእርሳስ። ሲከፍል በላዩ ላይ በቀለም ይሄዱበታል። ከሩቅ ለሚያይ ገጹ አንድ ነው፤ ማን እንደጎደለ የሚለየው ጸሐፊው ብቻ ነው። አንድ ሰው ሞቶ ድንኳን ሲተከልም ደብተሩ ሰው ፊት አይገለጥም።

31ን አውጥቼ 2ን አስገባሁ። 2 ጽሑፉን ያደበዝዘዋል እንጂ ቀለም አይሰጠውም። አባቴ ጎንበስ ብለው አዩ።

«እነዚህን በደንብ አላያቸውም» አሉ።

«ላድምቃቸው?»

«ተዋቸው።»

ከዚያ ማስመሪያቸውን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው ስክሪኑ ላይ አቆሙት። ከላይ እስከ ታች በስሞቹ ጠርዝ ተከተሉት። ዓምዱ ቀጥ ብሏል። አንድ ስም ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸውን አሳረፉ፤ ጨ ክፍሉ ጠቦት የጎረቤቱን ፊደል ተጋፍቷል። ተርሚናሉ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው ቦታ እኩል መሆኑን፣ ለነም ለጨም አንድ መሆኑን አስረዳኋቸው።

«ለጨማ ሰፋ ተደርጎ ነው የሚተውለት» አሉ።

እርሷን እስካሁን አላስተካከልኳትም።