የልጆቹን መዝገብ ማን ይይዘዋል?

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «አባዬ፣ ለነገ 300 ብር ያስፈልገኛል» አለችኝ።

«ለምን?»

«ለበጎ አድራጎት።»

«ለማን ነው የሚሰጠው?»

ትከሻዋን ሰበቀች። ትንሽ ቆየችና፣ «ያላመጣ ቲሸርት አይሰጠውም» አለች።

ብሩን ሰጠኋት። ሁሉም ቲሸርቱን ለብሶ ሲሰለፍ የእኔ ልጅ ብቻዋን በዩኒፎርም እንድትቆም አልፈለግሁም። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔ ብሩን ያወጣሁት ለተቸገረ ሰው አዝኜ ሳይሆን ልጄ እንዳታፍር ነው። እሷም የተቀበለችኝ ቲሸርቱን ፈልጋ ነው። የሚረዳው ሰው ማን እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም።

እዚህ ለቡ፣ ከሙዚቃ ሰፈር ተነስታችሁ ወደ ባቡር ጣቢያው ብትሄዱ በየግል ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ባነር ታያላችሁ፦ ቼዝ፣ ሮቦቲክስ፣ ቴኳንዶ፣ ሥዕል፣ ፒያኖ። ድሮ «ክበብ» የምንለው ነገር ቅዳሜ ጠዋት የሚከፈልበት ኮርስ ሆኗል። አልቃወምም፤ የእኔም ልጅ ሥዕል ትማራለች፣ ግድግዳዬ ምስክር ነው። ሳይከፈልበት የቀረው የበጎ አድራጎት ክበብ ብቻ ነበር፤ እሱም ይኸው ከወላጅ ኪስ ብር የሚያስመጣ ሆነ።

እኔ የተማርኩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ክበብ ውስጥ ነበርኩ፣ ሚኒ ሚዲያና ቀይ መስቀል። ሚኒ ሚዲያችን አንድ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ማጉያና አንድ የተሰበረ ወንበር ነበረው። በቀይ መስቀል ክበብ ደግሞ ፋሻ ማሰር እንለማመዳለን፣ በስፖርት ቀን የወደቀ እናነሳለን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊወረን ጥቂት ወራት ሲቀሩት እንደተቋቋመ የሰማሁት ከመምህር ሳይሆን ከክበባችን ሊቀመንበር ነው፤ ልጁ ራሱ ገና አሥረኛ ክፍል ነበር።

«አንድ ብር ለአንድ ልብ» የመጣውም ያኔ ነው። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ታስታውሱታላችሁ። ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ያቋቋሙት ድርጅት ከተማሪው አንዳንድ ብር ይሰበስብ ነበር፤ በዚያ ዘመን ልጆቹ ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበርና። ቶንሲል በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር ውሎ አድሮ ልብን ሊጎዳ እንደሚችል በሚኒ ሚዲያ ያነበብኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ለሳምንት ያህል ጉሮሮዬን በመስታወት ሳይ ከረምኩ። አንዷን ብር ከቁርስ ገንዘቤ አጠራቅሜ ነው የሰጠሁት። በ2001 ዓ.ም. የልብ ማዕከሉ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ተከፈተ። ለሕንፃው ትልልቅ ለጋሾች ብዙ እንደሰጡ አውቃለሁ። ቢሆንም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የእኔ ብር እዚያ ውስጥ አለች እላለሁ።

ልጄ የትኛውን ሕንፃ አይታ እንዲህ ትበል?

አባቴ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነበር። አንድ ጥቁር ሽፋን ያለው መዝገብ ነበረው፤ እኛ ልጆቹ መንካት አይፈቀድልንም። ስንት ወንበር እንዳለ፣ የትኛው ብረት ድስት ማን ቤት እንደቀረ፣ ማን የስንት ወር እንዳለበት እዚያ ላይ ተጽፏል። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ መርማሪዎች እቤት ይመጡና መዝገቡን ገልጠው አንድ በአንድ ይጠይቁታል። አባቴ ቡና እያስቀዳ ይመልሳል፤ ተጠየቅሁ ብሎ ሲቀየም አላየሁም። ማንበብ የማይችሉት እማማ እንኳ ስብሰባ ላይ ተነስተው «የድንኳኑ ማስጠገኛ ለምን በዛ?» ይላሉ፤ መልስም ያገኛሉ።

እኔ ግን ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት ሄጄ «ቲሸርቱ ከ300 ብሩ ስንቱን ወሰደ?» ብዬ ስጠይቅ፣ መምህሯ በትሕትና «እሱን ቢሮ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። ቢሮው «ክበቡን ጠይቅ» አለኝ። የክበቡ ሰብሳቢ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ስንት እንደተሰበሰበ የነገራት የለም። እሷን ከመድረኩ ላይ ንግግር ስታደርግ አይቻታለሁ፤ ጎበዝ ልጅ ናት። ንግግር ሰጥተው ሒሳብ ነፈጓት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አንድ ድርጅት ለአስተዳደር ወጪው ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ እንዳያወጣ ይከለክላል። የተማሪ ክበብ ድርጅት አይደለም፤ አዋጁን ጥሷል ማለቴም አይደለም። ባነር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ቲሸርትና ፎቶ አንሺ አንድ ላይ ሲደመሩ ስንት በመቶ እንደሚሆኑ ልጆቹ ራሳቸው ቢያሰሉት ግን የሰባተኛ ክፍል ሂሳብ ነው።

አምና ደግሞ የክበቡ ልጆች ለአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደብተር ሰብስበው ነበር። ደብተር ደግ ነገር ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪውን ይመግባል፣ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣል። የጎረቤቴ ልጅ የሚማረው ደብተሩ በተሰጠበት ትምህርት ቤት ነው። «ምን ይጎድላችኋል?» ብዬ ጠየቅሁት። ብዙም አላሰበም፦ «ኳስ።» ከዚያ፣ «የቮሊቦል መረብም ተቀዷል። ቼዝ የሚያስተምረንም የለም።»

ቼዝ! የእኛ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍለው የሚማሩት። በእግር ሃያ ደቂቃ ነው የሚያራርቃቸው። ገበታቸውን ይዘው ሄደው አብረው ቢጫወቱ የሚሰበሰብ ብር የለም፣ የሚታተም ቲሸርትም የለም። ምናልባትም ተሸንፈው ይመለሳሉ፤ የጎረቤቴ ልጅ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ለወላጆች ኮሚቴ አንድ ገጽ ጽፌ አስገብቻለሁ። የጠየቅሁት ሦስት ነገር ነው፦ ክበቡ ከተማሪዎች መካከል ገንዘብ ያዥና ሒሳብ መርማሪ ይምረጥ፣ ገቢና ወጪው በሚኒ ሚዲያ ይነበብ፣ ያላመጣ ልጅ የሚለይበት ቲሸርት ይቅር። ጥቁር ሽፋን ያለውን መዝገብ እኔ እገዛለሁ ብያለሁ።

ስብሰባው የፊታችን ቅዳሜ ነው። በለቡና በአካባቢው ያላችሁ ወላጆች፣ የእናንተ ልጆች ክበብ ሒሳቡን ማን እንደሚይዘው ዛሬ ማታ ጠይቋቸውና እስኪ ጻፉልኝ።