ማዕዱና በሩ

በወጣቶች ኅብረት ውስጥ የሚና ጨዋታ የመራችሁ ሁሉ ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፦ ተጫዋቾቹን ምን ያህል ልምራቸው? ምን ያህልስ ልልቀቃቸው? ድራማ ቢሆን ጽሑፍ አለው፣ ልምምድ አለው፣ መጨረሻውም ይታወቃል። በሚና ጨዋታ ግን እያንዳንዱ የወሰደውን ሰው ሆኖ የሚናገረውንም የሚያደርገውንም እዚያው ይወስናል። መሪው የሚሰጠው ቦታውንና ሰዓቱን ነው።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለ ጨዋታ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ ዓለሙን ይተርካል፣ ሌሎቹ በዚያ ዓለም ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ይወስናሉ። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ደግሞ ፎረም ቴአትር በተባለው አሠራሩ አንድ አጭር ትዕይንት ካሳየ በኋላ ያንኑ ያስደግም ነበር። በሁለተኛው ዙር ከተመልካቾቹ አንዱ «ቁም!» ብሎ ይወጣና የተበደለውን ሰው ቦታ ይዞ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ትዕይንቱ ያው ነው፤ ምርጫው ግን አዲስ ነው። አዲስ መሆኑንም ያወቅነው ትዕይንቱ ያው ስለሆነ ነው።

እኔን ብዙ ያስተማረኝ ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው የሁለቱ ወንድማማቾች ቤት ነው። አሥር ሆነን አምስት ቅዳሜ ተጫወትነው። ጨዋታው ሁልጊዜ የሚጀምረው በእራት ነበር። ከአገልጋዮቹ አንዷ እጅ ታስታጥባለች፤ አባት ይጸልያል፤ መሶቡ ይከፈታል፤ አንድ ሰው የእርሻውን ውሎ ያወራል። ከአምስት ደቂቃ አያልፍም።

በሁለተኛው ቅዳሜ «ዛሬም እራት?» ያሉ ነበሩ። ቶሎ ወደ ሩቅ አገር መሄድ ፈልገዋል። እኔ ግን እራቱን አላስቀረሁም። በሦስተኛው ቅዳሜ ታናሹ ልጅ ቤቱን ጥሎ ሄዷል። አስታጣቢዋ እንደ ልማዷ እየዞረች ስትመጣ ባዶው መቀመጫ ፊት ቆመች። ማስታጠቢያው በእጇ እንዳለ ቀረ። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ከቤት ሲጎድል ምን እንደሚሆን በስብከት ልነግራቸው የምችለው ሁሉ በዚያች ዝምታ ውስጥ ነበር። ያልለመድነው ነገር ቢጎድል አናውቅም።

ሌላም ነገር አየሁ። ያቺ እኅት በኅብረታችን ውስጥ እምብዛም የማትናገር ናት። ጨዋታው ሁሉ ልቅ ቢሆን ኖሮ ሦስት ደፋሮች ይወስዱትና እሷ ጥግ ይዛ ትቀር ነበር። እራቱ ግን ተራ ሰጣት። ተራዋ መቼ እንደሚደርስ ስለምታውቅ አልፈራችም። ስለዚህ የተለመደ ትዕይንት ነፃነትን የሚያጠብ አይምሰላችሁ፤ ለዝምተኛው የመግቢያ በር ነው።

ነፃነቱ ግን እውነተኛ መሆን አለበት። በአምስተኛው ቅዳሜ ታናሹ ተመለሰ፣ ድግሱም ተጀመረ። ታላቁን ልጅ የሆነው ወንድም በር ላይ ቆመ። አባት ወጥቶ ለመነው። ከውስጥ «ግባ እንጂ!» እያሉ ተጣሩ። አንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ግባ በለው እንጂ፣ ሰዓት አልቋል» አለኝ። እኔ «ምን ታደርጋለህ?» ብቻ ብዬ ጠየቅሁት። «አልገባም፤ ግን አልሄድምም» አለና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ወንጌሉን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ታላቁ ልጅ ይግባ አይግባ አይነግረንም። አባትየው ይናገራል፣ ታሪኩም እዚያ ይቆማል። ጌታ ሲናገር ክፍት የተወውን በር እኔ ለፕሮግራም ብዬ የምዘጋው በምን ሥልጣን ነው?

አስታጣቢዋ ማስታጠቢያዋን ይዛ ወደ ደጃፉ ወጣች። ጥቂት ቆየና እጁን ዘረጋ። ጨዋታችን በዚያ አበቃ። በኋላ ስንወያይ ያ ወንድም «እኔ እኮ በቤታችን እዚያ በር ላይ ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል» አለ። ግባ ብዬ ባዘው እግሩ ይገባ ነበር፤ ልቡ ግን ውጭ ይቀር ነበር፤ ይህንንም ቃል አንሰማም ነበር።

እንግዲህ ልትመሩ የምትነሡ ሁሉ፣ ጥቂት ነገር ወስኑ፤ የወሰናችሁትንም ጠብቁ። መክፈቻ ትዕይንታችሁ አጭር ይሁን፤ በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥበት። ሲሰለች አሳጥሩት እንጂ አታስቀሩት። እያንዳንዱ የሚወስነው ስለ ራሱ ሰው ብቻ ይሁን፤ የሌላውን ሰው ልብ ማንም አይወስን። ጉዳዩ ከልብ ቁስል ጋር ከተነካካ ማንም «ይብቃ» ማለት እንደሚችል አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ያን ጊዜም ያለ ጥያቄ አቁሙ። ከሁሉም በላይ መጨረሻውን ወስናችሁ አትምጡ።

ማዕዱን በሰዓቱ ማቅረብ የእናንተ ሥራ ነው። መግባትና አለመግባት ግን የእነሱ ነው። ውጭ የቀረ ካለ በሚቀጥለው ቅዳሜም እራቱን በሰዓቱ አቅርቡ፤ መቀመጫውንም አታንሡበት።