የምናብ ዓለም ብስለት በምን ይለካል?

በፋንታሲ ልቦለድና በጌም ወዳጆች መካከል ከሚነሡ ክርክሮች ሁሉ ዕድሜው የረዘመው የብስለት ክርክር ነው። አንዱ ወገን ደጉና ክፉው ተለይቶ የሚታወቅበት፣ ትክክለኛው ንጉሥ ዙፋኑን የሚረከብበት ታሪክ ለልጆች እንጂ ለአዋቂ አይሆንም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሁሉም የሚካካድበትና ደም የሚጎርፍበት ታሪክ ጎረምሳ ስለ ብስለት ያለው ግምት ነው፣ ብስለት አይደለም ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚዞረው በሁለት ስሞች ላይ ነው፤ በጄ. አር. አር. ቶልኪንና በጆርጅ አር. አር. ማርቲን። ሁለቱም ወገኖች ግን የታሪክን ጨለማነትና የታሪክን የሞራል ውስብስብነት አንድ ነገር አድርገው ያያሉ። ነገሩን የሚያበላሸውም ይህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሱ ከማርቲን በፊት የነበረ ነው። የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ሲታተም፣ የስኮትላንዱ ገጣሚ ኤድዊን ሙር በ«ኦብዘርቨር» ጋዜጣ ላይ ገጸ ባሕርያቱን ጎልማሳ መስለው የቀረቡ ልጆች ናቸው ሲል ተቻቸው። በ1956 አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን «ዘ ኔሽን» በተባለው መጽሔት መጽሐፉን የልጅ ዝባዝንኬ አድርጎ አጣጣለው። መልሱ ግን ከክሱ ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። ቶልኪን በ1939 በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ባደረገው ንግግር፣ ተረት ከልጆች ጋር የተቆራኘው በባሕርይው ሳይሆን በአጋጣሚ ነው፣ አዋቂዎች ስለ ሰለቻቸው ብቻ ወደ ልጆች ክፍል ተገፍቶ ገባ ብሎ ተከራክሯል። ወዳጁ ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1952 የበለጠ ደፈረ። ልጅ ነህ እንዳይሉት የሚፈራ ሰው ፍርሃቱ ራሱ አለማደጉን ይመሰክርበታል አለ። እስከ ዛሬ ከተሰጡት መልሶች የተሻለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ተከራካሪ የሚጨነቀው ስለ መጽሐፉ ሳይሆን መጽሐፉን ሲያነብ ሰው ምን እንደሚለው መሆኑን በቀጥታ ይነካልና።

ቶልኪን ጦርነትን በወሬ አላወቀውም። በ1916 በሶም ግንባር ተሰልፏል፤ እስከ 1918 ድረስም ከአንዱ በቀር የቅርብ ጓደኞቹን በሙሉ በሞት አጥቷል። በታሪኩ ውስጥ ክፋት ራሱ አያሻማም፤ የጨለማው ጌታ ሳውሮን ክፉ ነው፣ የሠራው ቀለበትም ክፉ ነው። የሚያሻማው ሰዎቹ በክፋት ፊት የሚሆኑት ነገር ነው። ፍሮዶ ቀለበቱን ሊያጠፋ ያን ሁሉ መከራ አልፎ እሳቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ አልጥልም ይላል፤ የእኔ ነው ብሎ ያጠልቀዋል። ጀግናው በመጨረሻዋ ሰዓት ወድቋል። ዓለም የሚድነው ጎለም የተባለው ጎስቋላ ፍጡር ጣቱን ነክሶ ቀለበቱን ሲቀማውና ቀለበቱን እንደያዘ እሳቱ ውስጥ ሲወድቅ ነው። ጎለም ደግሞ እስከዚያ በሕይወት የደረሰው የፍሮዶ ዘመድ ቢልቦ፣ ፍሮዶ ራሱና አገልጋዩ ሳም በየጊዜያቸው ሊገድሉት ሲችሉ ስለ ማሩት ነው። ቶልኪን በ1963 በጻፈው ደብዳቤ የፍሮዶ መውደቅ እንደ ኃጢአት ሊቆጠርበት እንደማይገባ፣ በዚያ ቦታ ሸክሙ ከማንም አቅም በላይ እንደነበር አስረድቷል። ሰው የቻለውን ሁሉ አድርጎ ሊሸነፍ እንደሚችልና በሽንፈቱም እንደማይኮነን የሚናገር መጽሐፍ የልጅ መጽሐፍ ነው ማለት አይቻልም።

ሌላም አለ። ሳም በኢቲሊየን ዱር ከፊቱ ተዘርሮ የወደቀ የጠላት ወታደር ሲያይ ስሙ ማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ፣ በእውነት ክፉ ልብ የነበረው ሰው መሆኑን ወይስ በውሸትና በማስፈራሪያ ከቤቱ ተነቅሎ የመጣ መሆኑን ያስባል። ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ ግን ጠላት ሁሉ አንድ ነው የሚለውን ሐሳብ ከውስጡ ያፈርሱታል።

ማርቲን «ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን በ1996 ሲያሳትም ሌላ መንገድ ያዘ። ምዕራፎቹ የሚጠሩት በገጸ ባሕርያት ስም ነው፤ አንባቢው በእያንዳንዱ ምዕራፍ ዓለሙን የሚያየው በዚያ ሰው ዐይን ብቻ ነው። ሥልቱ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በጄይሚ ላኒስተር ይታያል። ጄይሚ በመጀመሪያው መጽሐፍ ምስጢሩን ያየበትን የ7 ዓመት ልጅ ከማማ ላይ ገፍትሮ ይጥላል። ሊጠብቀው የማለለትን ንጉሥ የገደለ ሰው ስለሆነም አገሩ ሁሉ «ንጉሥ ገዳይ» እያለ ይጠራዋል። ለሁለት ሙሉ መጻሕፍት አንባቢው ይህን ሰው ከውጭ ብቻ ያየዋል። በ2000 በወጣው ሦስተኛው መጽሐፍ ምዕራፎች ለጄይሚ ይሰጡታል፤ እጁን ተቆርጦ፣ ተዋርዶ፣ በመታጠቢያ ቤት እንፋሎት ውስጥ ለሴት ተዋጊዋ ብሪየን እውነቱን ይነግራታል። ያ ንጉሥ ዋና ከተማዋን ከነሕዝቧ በእሳት ሊያጋይ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። ጄይሚ መሐላውን አፍርሶ መቶ ሺዎችን አዳነ፤ ለምን እንደገደለው ግን ማንም አልጠየቀውም።

ማርቲን እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ አድናቂዎች ከሚሉት የረቀቀ ነው። ጄይሚ ክፉ መስሎ ደግ ሆኖ የተገኘ ሰው አይደለም። ሕፃኑ ከማማው ወድቋል፤ እግሮቹም አይመለሱም። ንጉሡን የገደለበት ምክንያት ልጁን ለመጣሉ ሰበብ አይሆንም። አንባቢው ሁለቱንም ድርጊቶች በአንድ ሰው ላይ አብሮ ሊሸከም ይገደዳል፣ አንዱን አንሥቶ ሌላውን ሊሰርዝበት አይችልም። ውስብስብነት የሚባለው ይህ ነው፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ ያለው የአንገት መቆረጥና የሠርግ ቤት እልቂት ለወሬ የሚመች ክፍል ብቻ ነው።

ከመጽሐፉ የተሠራው የቴሌቪዥን ድራማ ከ2011 እስከ 2019 በ8 ምዕራፍና በ73 ክፍሎች ሲታይ ይኸው ጉዳይ በሚሊዮኖች መካከል ተነሣ። ዙፋኑን የምትፈልገው ዴኔሪስ ባሪያዎችን ነፃ ታወጣለች፤ 163 ሕፃናትን በመንገድ ዳር የቸነከሩትን የሚሪን ከተማ የባሪያ ጌቶች በቁጥር ልክ 163 አድርጋ ትቸነክራለች። ብዙ ተመልካች አጨበጨበ። ከዚያ የአንዱ ሟች ልጅ ፊቷ ቀርቦ አባቴ የሕፃናቱን መቸንከር የተቃወመ ሰው ነበር ይላታል። ድራማው ከዚህ የበለጠ የበሰለበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ተመልካቹ በራሱ ጭብጨባ እንዲያፍር ያደርገዋልና። በመጨረሻው ምዕራፍ እጅ የሰጠች ከተማን በዘንዶዋ ስታቃጥል ግን ቁጣው ገነፈለ፤ ምዕራፉ እንደገና ይሠራ የሚለውን አቤቱታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈረሙ። ከቁጣው ውስጥ ሚዛን የሚደፋው ጀግናችን ለምን ከፋች የሚለው አልነበረም፤ ወደ ክፋቱ ያደረሳት መንገድ በጥቂት ክፍሎች ተጨምቆ ሳይታይ ቀረ የሚለው ነበር። ተመልካቾቹ ልክ ነበሩ። ምክንያቱ ያልታየ ክፋት ድንጋጤ ይፈጥራል፣ ከዚያ አያልፍም።

ማርቲን በከፈተው በር ብዙዎች ገቡ። «ግሪምዳርክ» የሚባለው ስያሜ የመጣው በ1987 ከተጀመረው «ዋርሃመር 40,000» የጠረጴዛ ጨዋታ መፈክር ነው፤ ኋላ እንደ ጆ አበርክሮምቢ ያሉ ደራስያን የሚጠሩበት ሆነ። በ2011 ሊዮ ግሪን የተባለ ጸሐፊ እነዚህን ደራስያን ጀግንነትን የሚያረክሱ ከንቱዎች ናቸው ሲል ከሰሳቸው፤ አበርክሮምቢም መልስ ሰጠ፤ ለወራት ያህል ሁለቱ ጎራዎች ተነታረኩ። በዚያ ሁሉ ንትርክ መካከል ሊነሣ የሚገባው ስም የኧርሱላ ለጉዊን ነበር። የእሷ «ኤ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ» በ1968 የታተመው ለወጣት አንባቢዎች ተብሎ ነው። ጦርነት የለበትም፤ ደምም እምብዛም አይፈስበትም። ጌድ የተባለው ወጣት አስማተኛ በትዕቢት የለቀቀው ጥላ ያሳድደዋል፤ መጨረሻ ላይ ዞሮ ሲጋፈጠው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። የሚዋጋው ጠላት እሱ ራሱ ሆኖ ይገኛል። ከብዙ ሺህ ገጽ እልቂት ይልቅ ይህች ቀጭን መጽሐፍ አዋቂ አንባቢን ታስጨንቃለች።

በጌም በኩል ታሪኩ የተለየ መልክ አለው፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ አይቶ የሚፈርድ ሳይሆን አድርጎ የሚጠየቅ ነው። በ1974 የወጣው የጠረጴዛ ጨዋታ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ በሕግ፣ በገለልተኝነት ወይም በሥርዓት የለሽነት ጎራ ይመድብ ነበር፤ ኋላ ደግና ክፉ ተጨምረውበት ምድቦቹ 9 ሆኑ። የጌም ሠሪው ሪቻርድ ጋሪዮት ተጫዋቾች ለማሸነፍ ሲሉ ንጹሐንን እየዘረፉና እየገደሉ መሆናቸውን ተመልክቶ በ1985 «አልቲማ 4»ን ሠራ። በዚህ ጌም የሚገደል የክፉዎች አለቃ የለም፤ ግቡ 8 በጎ ምግባሮችን ኖሮ ማሳየት ነው። ዕፀዋት የሚሸጡት ሴቶች ዐይነ ስውር ናቸው፤ ተጫዋቹ የፈለገውን ያህል ሳንቲም ቆጥሮ ይከፍላል፣ ቢያጎድል የሚናገረው የለም። ጌሙ ግን በስውር ይመዘግብበታል። ሐሳቡ በዘመኑ ከነበረው ሁሉ የራቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት የሞራል መለኪያዎች ከዚህ ወደ ኋላ የተመለሱ ናቸው። በ«ፌብል» ክፉ የሚሠራ ተጫዋች ቀንድ ያበቅላል፣ ደግ የሚሠራው የብርሃን አክሊል ይደፋል። በጠፈር ላይ በሚካሄደው «ማስ ኢፌክት» ደግነትና ጭካኔ በነጥብ ይቆጠራሉ፤ አንዳንድ የንግግር ምርጫዎች የሚከፈቱት በቂ ነጥብ ላጠራቀመ ብቻ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ምን ማድረግ ይገባኛል ብሎ ማሰቡን ትቶ የትኛው ቁልፍ ነጥብ ይሰጠኛል ይላል። በሥራው ከተሳተፉት ባለሙያዎች አንዱ በ2020 እንደገለጸው 92 ከመቶ ያህሉ ተጫዋቾች የደጉን መንገድ መርጠዋል። ይህ ቁጥር አዋቂ ተጫዋች ጭካኔ ይፈልጋል ለሚሉት ጥሩ መልስ ነው።

መለኪያውን አውጥቶ የጣለው ሥራ ከፖላንድ መጣ። አንድሬይ ሳፕኮቭስኪ ስለ ጭራቅ አዳኙ ጌራልት መጻፍ የጀመረው በ1986 «ፋንታስቲካ» በተባለ መጽሔት ነው፤ ሲዲ ፕሮጀክት የተባለው የአገሩ ስቱዲዮ በ2007 ወደ ጌም ቀየረው። በ2015 በወጣው «ዘ ዊቸር 3» ጌራልት ከኮረብታ ሥር የታሰረ መንፈስ ያገኛል። መንፈሱ ከፈታኸኝ በጫካው ጠንቋዮች እጅ ያሉትን የሙት ልጆች አድናለሁ ይላል። መፍታትም መግደልም ይቻላል። ከተፈታ ልጆቹ ይድናሉ፣ አንድ መንደር ግን ይጠፋል፤ የአካባቢው ባሮን ሚስት ትሞታለች፣ ባሮኑም ራሱን ይሰቅላል። ከተገደለ መንደሩ ይተርፋል፣ ልጆቹ ግን የሉም። ውጤቱ የሚታየው ዘግይቶ ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ለብዙዎች አይመችም። ባሮኑ ራሱ ሚስቱን ይደበድብ የነበረ ሰካራም ነው፤ ተጫዋቹ ግን ቀድሞ የሚያውቀው ቤተሰቡ የጠፋበት አባት ሆኖ ነው። የጌሙ ብርታት ምርጫው መራራ መሆኑ ብቻ አይደለም። ጌራልት ያደረገው ነገር በማን ላይ እንደወደቀ ተጫዋቹ ሄዶ ያያል፣ ፊታቸውን ያውቃል።

ይህ ስኬት መጥፎ ኮራጆችን አፍርቷል። ሁለቱንም ወገን እኩል ማጠልሸት ቀላል ነው፤ ከመፍረድ መሸሻም ይሆናል። በ2011 የወጣው «ስካይሪም» በዚህ ረገድ ከሚታሰበው ይሻላል። ኡልፍሪክ የተባለው አማፂ የሕዝቡ አምልኮ ስለ ታገደበት ይዋጋል፤ በራሱ ከተማ ግን ጨለማ ኤልፎች በአንድ ጎስቋላ ሰፈር ታጭቀው ይኖራሉ፣ አርጎኒያን የተባሉት ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ያድራሉ። ንጉሠ ነገሥቱ አምልኮውን ያገደው በጦርነት ተዳክሞ በፈረመው ውል ነው። አድናቂዎች ዛሬም የሚከራከሩት ሁለቱም ወገን እውነተኛ በደል ስላለበትና እውነተኛ በደል ስላደረሰ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ለቶልኪን ተከላካዮች በእውነት የሚከብደው ጥያቄ ማርቲን በ2014 በ«ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት ቃለ ምልልስ ያነሣው ነው። በቶልኪን መጽሐፍ መጨረሻ ዙፋኑን የሚረከበው አራጎርን በጥበብ ገዛ ይባላል፤ ግብሩ እንዴት ነበር? የሳውሮን ወታደሮች ከነበሩት ከጦርነቱ የተረፉትን ኦርኮችስ ምን አደረጋቸው፣ ሕፃናቱንም ጨምሮ ፈጃቸው? ስለ ግብሩ ያለው በቀልድ ሊታለፍ ይችላል፤ ስለ ኦርኮቹ ያለው አይታለፍም። በመወለዱ ብቻ ሊታረድ የተፈረደበት ዘር ካለ በታሪኩ ውስጥ ያለው ምሕረት ሁሉ ይጎድላል። ቶልኪን ይህን ከማንም ቀድሞ አይቶታል። ካቶሊክ አማኝ ስለነበር ክፋት መፍጠር እንደማይችል፣ ማበላሸት ብቻ እንደሚችል ያምን ነበር፤ ስለ ኦርኮች አመጣጥም ደጋግሞ ሐሳቡን እየለወጠ ሳይቋጨው በ1973 አረፈ። በራሱ መጽሐፍ ውስጥ ሳም የሚሰማቸው ሁለት ኦርኮች በአለቆቻቸው ተማርረው፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ርቀው ስለ መሄድ ያወራሉ። የሚማረርና የሚመኝ ፍጡር መሣሪያ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ጥያቄውን ኋላ ያነሡት የጠረጴዛ ጨዋታ የሚጫወቱት ሰዎች ናቸው። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን የሚያሳትመው ኩባንያ በ2020 ባወጣው መግለጫ ኦርኮችን ከሌሎች ሕዝቦች እኩል የሞራልና የባህል ውስብስብነት ያላቸው አድርጎ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። በ2024 በታተመው የተሻሻለ የተጫዋቾች መመሪያም ኦርክ ከሰው፣ ከኤልፍና ከድዋርፍ ጎን ማንኛውም ተጫዋች ሊመርጠው የሚችል ወገን ሆኖ ገብቷል።